ክርክር፦ የሮማውያን ኮንክሪት ከዛሬው አርማታ ይበልጣል?

አወያይ፦ በሮም ከተማ ያለው የፓንቴዮን ቤተ መቅደስ ጉልላት በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። የውስጥ ስፋቱ 43.3 ሜትር ነው፤ አንድ ፌሮ (የአርማታ ብረት) የለበትም። የዛሬ ሕንፃና ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነደፈው ለ50 ወይም ለ100 ዓመት ነው። ታዲያ ለሕዝብ ግንባታ ወደ ሮማውያን አሠራር መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም? መጠንና አሠራር እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እናድርጋቸው።

ዓለት፦ ይገባል እላለሁ። ተራ የኖራ ሞርታር የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ መሃል ላይ ለረጅም ዘመን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃ ውስጥማ ጭራሽ አይጠነክርም። ሮማውያን ይህን ችግር የፈቱት በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ፣ ከፖዙኦሊ አካባቢ የሚቆፈረው አመድ ሲሊካና አሉሚና አለው፤ ከኖራና ከውሃ ጋር ሲገናኝ አየር ሳይፈልግ ይጠነክራል። ሮማዊው የግንባታ ሊቅ ቪትሩቪየስ ልኩን ጽፎልናል፦ ለወደብ ሥራ ሁለት እጅ አመድ ለአንድ እጅ ኖራ። በየብስ ላይ ከጉድጓድ የወጣ አሸዋ ከሆነ ሦስት ለአንድ፣ የወንዝ ወይም የባሕር አሸዋ ከሆነ ሁለት ለአንድ። የወንዝ አሸዋ ላይ ሲሦ ያህል ተፈጭቶ የተነፋ የሸክላ ስባሪ ቢገባበት ይሻላል ይላል፤ ሸክላውም እንደ አመዱ ከኖራ ጋር ስለሚዋሐድ ምክሩ ትክክል ነው። ተመራማሪዋ ማሪ ጃክሰንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳዩት ደግሞ፣ የባሕር ውሃ በወደቦቹ ኮንክሪት ውስጥ ሲዘዋወር ቶበርሞራይትና ፊሊፕሳይት የሚባሉ ማዕድናት ውስጡ እየበቀሉ ያያይዙታል። የእኛን አርማታ ባሕር ይበላዋል፤ የእነሱን ግን አጠንክሮታል።

ሶሌታ፦ ዓለት፣ ስለ ባሕሩ ያልከውን እቀበላለሁ። ንጽጽሩ ግን ሚዛኑን ስቷል። ከሮማውያን ወደቦች ተቆፍረው የተፈተኑት ናሙናዎች የግፊት ጥንካሬያቸው በአብዛኛው ከ10 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ) በታች ነው። ዛሬ ለተራ ፎቅ የምንጠቀምበት ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በ28 ቀን 25 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ከዚያ የሚበልጠው ጉዳይ መሳብ ነው። ኮንክሪት የማንም ይሁን የማን ሲጨፈለቅ ይችላል፣ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል፣ ሲጫን ከታች በኩል ይሳባል፤ ፌሮው የሚገባው ለዚያ ነው። ሮማውያን ፌሮ ስላልነበራቸው ያላቸው አማራጭ ቅስትና ጉልላት ብቻ ነበር፤ ዋጋውንም በውፍረት ከፈሉ። የፓንቴዮን ጉልላት ከግርጌው 6.4 ሜትር ይወፍራል፣ አናቱ ላይ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱን ለመቀነስም ከታች ትራቨርቲን የሚባል ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ቱፍ የሚባል ቀለል ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ጡብ፣ ከጫፉ አጠገብ ፑሚስ የሚባል ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ እየቀያየሩ አስገቡ። ጥበቡ ያስደንቃል። ሆኖም ጉልላቱ ከግርጌው ወደ ላይ የሚወጡ ስንጥቆች አሉበት፤ አለመውደቁ ግን ውፍረቱ ስለሚበቃውና የተሰነጠቀው ክፍል እንደ ቅስት እርስ በርሱ ስለሚደጋገፍ ነው። በዚህ መንገድ አምስት ፎቅ መኖሪያ ስሩ ብትሉኝ፣ ቦታውን ግድግዳው ይጨርሰዋል።

ዓለት፦ ፌሮው እኮ ነው የሚገድለን! አዲስ ኮንክሪት አልካሊ ስለሆነ ብረቱን ይጠብቀዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ እየሰረገ ሲሄድ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል፤ ብረቱ ዘንድ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። የባሕር ጨው ካለ ደግሞ ይህ ሁሉ ይፋጠናል። ሮማውያን ይህ በሽታ የላቸውም።

ሶሌታ፦ በሽታው እውነት ነው፤ መነሻው ግን ብዙ ጊዜ አሠራራችን ነው። ንድፉ 25 ሚሊሜትር ሽፋን ሲል፣ ከፌሮው ሥር የሚቀመጠው ማራቂያ ተረስቶ ብረቱ ካሳፎርማውን (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ) ነክቶ ይሞላል። ወይም ለማፍሰስ እንዲቀል ውሃ ይጨመርበታል፤ የተረፈው ውሃ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጋዙም ጨውም በዚያው ይገባል።

ጥንታዊት፦ ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለቆመው ነው። ስለወደቀውም እንናገር። አብዛኛው የሮም ሕዝብ የኖረው ኢንሱላ በሚባሉ የኪራይ ፎቆች ውስጥ ነው፤ እነዚህ መውደቃቸው የዘወትር ወሬ ነበር። ሮማዊው ፖለቲከኛ ሲሴሮ በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለወዳጁ ለአቲከስ ሲጽፍ፣ ከሱቆቹ ሁለቱ ፈርሰዋል፣ የቀሩትም ተሰነጣጥቀው ተከራዩ ብቻ ሳይሆን አይጡም ለቆ ሄዷል ይላል። አውግስጦስ የፎቅ ከፍታ ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ትራያን ወደ 60 ጫማ አወረደው። ሁሉም በፖዙኦሊ አመድ ቢሠራና ሁሉም ጠንካራ ቢሆን ይህ ሕግ ባላስፈለገ።

የመንግሥት ሥራም ቢሆን ከጉድለት አልዳነም። አኳ ክላውዲያ የተባለው የውሃ መስመር በ38 ተጀምሮ በ52 ተመረቀ። ዛሬ ፖርታ ማጆሬ በሚባለው በር ላይ ቬስፓስያን በ71 ያስቀረጸው ጽሑፍ፣ መስመሩ ተበላሽቶ ለ9 ዓመት ተቋርጦ እንደነበር ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ የልጁ የቲቶ ጽሑፍ አለ፦ በ81 እንደገና ከመሠረቱ ጠገነው ይላል። ከጀመረው ከካሊጉላና ከጨረሰው ከክላውዲየስ ጋር አራት ንጉሠ ነገሥታት ገንዘብ ያወጡበት መስመር ነው እንግዲህ። «ሁለት ሺህ ዓመት ሳይነካ ቆመ» የሚለው አነጋገር እነዚያን ጠጋኞች ይረሳል። ፍሮንቲነስ በ97 የሮም ውሃ ኃላፊ ሲሾም ለመስመሮቹ ብቻ የተመደቡ 700 ባሪያዎች ነበሩ፤ 240ው የሕዝብ፣ 460ው የንጉሠ ነገሥቱ። ዘላቂነቱ የእነርሱም ላብ ነው፤ ይህ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም።

ዓለት፦ ጥንታዊት፣ ይህን አልክድም። ግን የ2023ቱን ጥናት ምን ትያለሽ? በሮማውያን ኮንክሪት ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ የኖራ እንክብሎች የግድየለሽነት ምልክት ናቸው ሲባል ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አሉ፦ ውሃ ያልነካውን፣ ከእቶን የወጣውን ኖራ ከአመዱ ጋር በደረቁ ቀላቅለው ከዚያ ውሃ ሲጨምሩ ድብልቁ ይግላል፣ እንክብሎቹም ይቀራሉ። በኋላ ስንጥቅ ሲፈጠርና ውሃ ሲገባ እንክብሉ ሟሙቶ ስንጥቁን ይደፍነዋል። በሙከራው ግማሽ ሚሊሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደፍኖ ውሃ ማሳለፍ አቆመ፤ ያ ኖራ ያልገባበት ናሙና አልተደፈነም።

ጥንታዊት፦ ጥሩ ጥናት ነው፤ ከጽሑፎቹ ጋር ግን ይጋጫል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በጥንት ሕግ ሦስት ዓመት ያልሞላው ውሃ የጠጣ ኖራ ለሥራ እንዳይውል ተከልክሎ ነበር ይላል። ቪትሩቪየስም መፈተኛውን ይሰጣል፦ የኖራውን ጉድጓድ በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ ክተፍ። መሣሪያውን እንክብል ከመታው ኖራው ገና አልበሰለም። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ኖራው ደካማ ነው። እንደ ሙጫ ከተጣበቀበት ደርሷል። ሆኖም ይህ ምዕራፍ ስለ ልስን ነው፤ በልስን ውስጥ የቀረ እንክብል ቆይቶ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ፊቱን ይፈነቅለዋል። ለግድግዳ ሙሌት ሌላ አሠራር ሊኖራቸው ይችላል። በ2025 መጨረሻ ስለ ፖምፔ የወጣው ጥናት ይህን ይደግፋል፤ በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ ሥራው በተቋረጠበት ቤት ውስጥ ደረቅ አመድና ውሃ ያልነካው ኖራ ተቀላቅለው ተከምረው ተገኝተዋል። ስለዚህ ሁለቱም አሠራር ነበረ፣ እንደ ቦታው ነው ብል ይቀለኛል።

ሶሌታ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በ2023ቱ ሙከራ ድብልቅ ውስጥ የዛሬው ሲሚንቶም ነበረበት፤ ስለዚህ ጥናቱ ሲሚንቶን ጣሉ አይልም። ይህን አንብቦ በግቢው ለመሞከር የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር አይነካም።

እንዲያውም «እንመለስ» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ግማሹ ተመልሷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጠው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ የሚሠራው ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፑሚስ አብሮ ተፈጭቶ ነው። በፖዙኦሊ የተሰየመ፣ የሮማውያኑ ሐሳብ ነው። ክሊንከር (ተቃጥሎ የሚፈጨው የሲሚንቶ ዋና ክፍል) በ1450 ዲግሪ ገደማ ስለሚቃጠል፣ ከሱ ላይ በተቀነሰ ቁጥር ነዳጅም ጭስም ይቀንሳል። ችግሩ ፒፒሲ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ መጠንከሩ ነው። እንደ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቆጥረው ካሳፎርማውን ቶሎ የሚፈቱ ሶሌታውን ያጎብጡታል። ውሃ ማጠጣቱም በ7 ቀን አይበቃውም፤ 14 ቀን ይሁን።

ጥንታዊት፦ ፍሮንቲነስም ስለ ጊዜ የሚለው ተመሳሳይ ነው። የግንብ ሥራ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ኅዳር መግቢያ ይሠራ፣ በበጋው ሐሩር መካከል ደግሞ ይቁም፤ ብርቱ ፀሐይም ውርጭም ግንቡን ያበላሹታል ይላል። በነገራችን ላይ፣ ሲሚንቶ የምንለው ቃል በጣሊያንኛ በኩል ከላቲኑ ካይሜንቱም የመጣ ነው፤ ለእነርሱ ግን ትርጉሙ ማጣበቂያው ሳይሆን በእጅ እየተደረደረ የሚገባው የድንጋይ ስባሪ ነበር። ሞርታር በአካፋ ይጨመራል፣ ድንጋይ ይደረደርበታል፣ ይጠቀጠቃል። እንደ ዛሬው በፓምፕ የሚፈስ ነገር አልነበረም።

ዓለት፦ እንግዲህ አቋሜን ላጥብበው። ለሶሌታና ለምሰሶ አልከራከርም። ፌሮ ለማያስፈልገው ወፍራም ሥራ ግን፣ ለባሕር መከላከያ ግንብ፣ ለድጋፍ ግንብ፣ ለመሠረት ሙሌት፣ ብረት ጨምሮ የዝገት ቀጠሮ መያዝ ምን ይጠቅማል?

ሶሌታ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ጊዜ የሚሰጥ አሠሪ ካለ።

ጥንታዊት፦ መሬቱም ይታይ። ሄሮድስ በቂሳርያ ወደብ ሲሠራ አመዱን ከኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በመርከብ አስመጥቶ፣ በእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ባሕር ላይ ሞላ። ኮንክሪቱ ዛሬም ይገኛል፤ የውጪው መከላከያ ግን ከሥሩ ያለው የባሕር ወለል ከድቶት ሰጥሟል።