ባለ 12 ቁልፍ ማውስ በዕጣ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦
እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ስብሰባ "ማኅበሩ ብዙ ቁልፍ ያላቸው የጌም ማውሶች ይግዛልን" የሚል ሐሳብ ተነስቶ ግማሻችን አጨብጭበን፣ ግማሻችን አጉረምርመን ነበር የተለያየነው። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው አንድ ገጽ ብቻ ነው። እዚሁ ተወያይተን እንጻፈው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

"ማኅበሩ ጊልድ ዋርስ 2 የተባለውን የኦንላይን ጌም ለሚጫወቱ 12 አባላት አንድ ዓይነት ባለ 12 የጎን ቁልፍ ማውስ ገዝቶ ያከፋፍል።"

በሉ ቦጫጭቁት።

ፒያሳዋ፦
እኔ ልጀምር። ለምን እንደሚያስፈልግ አንድም ቃል የለም። ጉባኤው ላይ ጌም የማይነኩ አባላት አሉ። "ማውስ ላይ 12 ቁልፍ? ስልክ ነው እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፣ ጎኑ የድሮ የእጅ ስልክ ይመስላል።

እንደዚህ ብለን እናስረዳቸው። ግራ እጃችን ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ ላይ ነው። የምንሮጠው በነሱ ነው። ጊልድ ዋርስ 2 ላይ ደግሞ አሥር ስኪል፣ ማለትም በቁልፍ የሚጠራ ችሎታ፣ አለ። አምስቱ ከያዝከው መሣሪያ ይመጣሉ፣ አንዱ መፈወሻ ነው፣ ሦስቱ አጋዥ ናቸው፣ የመጨረሻው ኤሊት የሚባለው ኃይለኛው ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ለጣት ቅርብ ነው። 8ን እና 9ን ለመጫን ግን እጄን ከመሮጫው ላይ ማንሳት አለብኝ። በዚያች ቅጽበት ገጸ ባሕሪዬ ቆማ ትጠብቀኛለች። ቦስ (ትልቁ ጠላት) ፊት ቆሞ የጠበቀ ደግሞ ይሞታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን የቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥራ ፈትቶ ማውሱን ተደግፎ ነው የሚውለው።

ሐሳቡ ሥራ ፈቱን ጣት መቅጠር ነው። ሌላ ፍልስፍና የለውም።

የዱባዩ፦
ቁጥሩም እንዴት እንደሚገጥም ይጻፍ። አሥር ስኪል፣ መሣሪያ መቀየሪያ፣ መሸሻ። ድፍን 12። በልክ የተሰፋ ሱሪ ማለት ነው።

ሂለሩ፦
ይቅርታ፣ እኔ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። እኔ የምጫወተው ሌላ ጌም ነው፣ ፋይናል ፋንታሲ 14፣ ያውም በጆይስቲክ። ሁለቱን የጀርባ ቁልፎች እያፈራረቅኩ ስይዝ አሥራ ስድስት ስኪል እጄ ላይ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ስኪል በ2.5 ሰከንድ አንዴ ነው የሚጫነው። ለዚያ 12 ቁልፍ በአንድ ጣት ምን ያደርግልኛል? ማኅበሩ ማውስ ከሚገዛ የጌም ቤቱን ወንበሮች ቢያሠራ ይሻላል። ወገቤ አልቋል።

ፒያሳዋ፦
ወንበሩን እደግፋለሁ። ግን እሱ ሌላ ሐሳብ ነው፣ ሌላ ገጽ ይጻፍለት።

ጋሼ፦
ልጆች፣ እኔ እንግዲህ በዕድሜ ትልቃችሁ ነኝ፣ በጨዋታው ግን ጀማሪ። አንድ ነገር ልናገር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት ባለ 12 ቁልፍ ማውስ ላከልኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ስሳደብ ነው የከረምኩት። 4ን ስፈልግ 7ን እጫናለሁ። ፈውስ ስፈልግ ጦር እወረውራለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ።

መፍትሔ የሆነኝ ነገር ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱንም በአንድ ቀን አትልመዱ። እኔ ሦስቱን ብቻ አወጣሁ፦ 1፣ 2፣ 3። የቀሩት ላይ ምንም አላደረግኩም፣ ቢነኩም ዝም ይላሉ። አራት ቀን በሦስቱ ብቻ ተጫወትኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን ረድፍ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቴ ሳላስበው መሄድ ጀመረ። ስለዚህ ለአባል በውሰት የሚሰጥ ከሆነ ከሦስት ሳምንት ማነስ የለበትም። በአንድ ሳምንት የሚመልሰው ሰው ስድቡን ብቻ ቀምሶ ነው የሚመልሰው።

ፒያሳዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። እኔም ልጨምርበት፦ መሐል ያለችው 5 ቁጥር ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ። ሲደርቅ ጉብ ይላል። አውራ ጣት እሷን ካገኘ ሌሎቹን ሳያይ ያገኛቸዋል። ቀይ መሆን የለበትም። የኔ ቀይ ነው።

ግራኙ፦
ሁላችሁም ቀኝ እጅ፣ ቀኝ እጅ ትላላችሁ። እኔ ማውስ የምይዘው በግራ ነው። አሥራ ሁለቱ ቁልፎች የሚመጡት በትንሿ ጣቴ በኩል ነው ማለት ነው። በትንሿ ጣት ፈውስ ልጥራ?

ጸሐፊ፦
ልክ ነህ፣ ረስተንሃል። ተመዝግቧል።

የዱባዩ፦
ሬዘር የሚባለው ኩባንያ ናጋ የሚለውን ባለ 12 ቁልፍ ማውሱን ለግራ እጅም ሠርቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020ም አንድ አውጥቷል። ያገለገለ ካገኘሁ እይዝልሃለሁ፣ ቃል ግን አልገባም።

ፍራንክፈርት፦
አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። "አንድ ዓይነት" የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ። እነዚህ ማውሶች በፎቶ ወንድማማች ይመስላሉ፣ እጅ ውስጥ ሲገቡ ግን አይተዋወቁም። እኔ አራቱን ይዤ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው የሬዘር ናጋ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሲሆን 12 የአውራ ጣት ቁልፍ ይዞ መጥቶ መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። ከልጆቹ አንዱ ናጋ ትሪኒቲ ይባላል። ጎኑ ይነቀላል። ባለ 2፣ ባለ 7 እና ባለ 12 ቁልፍ ሦስት ጎን አለው። 12 የከበደው ሰው 7ቱን ክብ አድርጎ የያዘውን ጎን ሊሞክር ይችላል። ጋሼን የመሰለ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይሄ ነው የሚሻለው።

የሎጂቴክ ጂ600 እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በጠቅላላው 20 ቁልፍ አለው። አሥራ ሁለቱ የጎን ቁልፎች ስድስት ስድስት ሆነው ተከፍለዋል፣ ጣት የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ያውቃል። ከቀኝ ቁልፍ አጠገብ ደግሞ ለቀለበት ጣት የተሰጠ ሦስተኛ ቁልፍ አለ። እሱን ይዘህ ስትጫን አሥራ ሁለቱ ሃያ አራት ይሆናሉ። ችግሩ መጠኑ ነው። ወፍራም ነው፣ 133 ግራም ይመዝናል። ትንሽ እጅ ላላት ልጅ ዳቦ መያዝ ነው።

የኮርሴር ሲሚታር ጥበቡ ሌላ ነው። የጎን ቁልፎቹ ያሉበት ሰሌዳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 8 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። አጭር አውራ ጣት ካለህ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። 8 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ መድረስና አለመድረስ ግን እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አራተኛው የሬድራገን ኤም908 ነው፣ በዋጋ ከሁሉም ዝቅ ያለው። እሱም 12 የጎን ቁልፍ አለው። ቁልፎቹ ጠንከር ይላሉ፣ ለመማሪያ ግን በቂ ነው።

12 ሰው አንድ ዓይነት ማውስ ከተሰጠው አምስቱ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይገዛና ይዙር።

ቀበና፦
ሌላ የሚረሳ ነገር። እኛ አዲስ አበባ ያለነው አብዛኞቻችን የምንጫወተው ጌም ቤት ነው። የጌም ቤት ባለቤት ሶፍትዌር አስጭኑኝ ስትለው ዓይኑ ይቀላል። ስለዚህ ማውሱ የቁልፎቹን ድልድል (የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ) በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት። አንዴ ቤት ውስጥ አስተካክለህ፣ የትም ወስደህ ሰክተህ የሚሠራ። ጂ600 ለምሳሌ ሦስት ድልድል በውስጡ ይይዛል። ይሄ ነጥብ ከመብራቱና ከቀለሙ ሁሉ በላይ ነው።

ደግሞ ገመድ ያለው ይሁን። ባትሪ መሐል ውጊያ ላይ ሲያልቅ አይቻለሁ። የመብራቱ መጥፋት ይበቃናል።

ሂለሩ፦
ስለ መሰበርስ? እኔ ከዚህ በፊት የገዛሁት (የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም) በሰባተኛው ወር አንዴ ስጫነው ሁለቴ መቁጠር ጀመረ። ዕቃ ልሸጥ ብዬ ሁለት ሸጥኩ።

ቀበና፦
እሱ የማውስ ሁሉ በሽታ ነው። በቁልፉ ሥር ያለው ስዊች ሲደክም ነው የሚመጣው። ብየዳ የሚችል ጠጋኝ ፈትቶ ስዊቹን ይቀይረዋል። ሙሉ ማውስ አይጣልም። "ለጥገና" የምትል መስመር በጀቱ ላይ ትግባ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ውጭ ያለነው አራታችን ከዚህ እንውጣ። ሱቅ ገብተን፣ ነክተን፣ ካልተስማማን መልሰን መምጣት እንችላለን። ማውሱ አዲስ አበባ ላሉት ስምንቱ ይሁን። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ የተቀመጠ ጂ600 አለኝ፣ ለማኅበሩ ሰጥቻለሁ። የሚመጣ ሰው ሳገኝ በሻንጣ እልከዋለሁ። ሦስቱን ብቻ ግዙ።

ገንዘብ ያዥ፦
ተባረክ። አሁን ነው ውይይቱ የጣመኝ። ከ12 ወደ 3 ወረድን።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ለሦስት ማውስ ስምንት ሰው፣ ከተሰጠው ጋር አራት ማውስ። ማን ይቅደም? በወዳጅነት ከሆነ እንጣላለን። እንደ ዕቁብ በዕጣ ይሁን። አራት ሰው በአንድ ዙር፣ እያንዳንዱ ጋሼ እንዳሉት ሦስት ሳምንት። በስድስት ሳምንት ስምንቱም ይዳረሳሉ። ከዚያ የወደዱትን ዓይነት ለመግዛት የሚፈልጉ በራሳቸው ያዋጣሉ፣ ማኅበሩ በአንድ ላይ ያስመጣል። ዋጋውን ከሦስት ቦታ ጠይቄ ለጉባኤው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ጋሼ፦
ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ሁሉም አራቱንም በእጃቸው ይያዟቸው። ሳይነኩ ዕጣ ማውጣት ሳያዩ ማግባት ነው።

ማክሮ ወዳዱ፦
አንድ ጥያቄ። አንዱን ቁልፍ ስጫን አምስቱ ስኪል በተከታታይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል አይደል? ሶፍትዌሩ ይችላል። አንድ ቁልፍ ከበቃኝ 12 ምን ያደርግልኛል?

ፒያሳዋ፦
ሶፍትዌሩ ይችላል፣ ጨዋታው አይፈቅድም። የጊልድ ዋርስ 2 ሠሪዎች አሬናኔቶች ደንባቸው ግልጽ ነው፦ አንድ ጭነት፣ አንድ ድርጊት። ስኪል በማክሮ (እንዳልከው በአንድ ቁልፍ ብዙ በሚያስወጣ ትእዛዝ) ያስደረደረ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። በማኅበሩ ማውስ የታገደ አባል ደግሞ ስሙ ከኛ ስም ጋር ነው የሚነሳው። ረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ማክሮ ወዳዱ፦
እሺ እሺ። ጠየቅኩ እንጂ አላደረግኩም።

ቀበና፦
ጉባኤው ላይ "ይሄን ከገዛን ጨዋታው ይፈጥናል ወይ?" የሚል ሰው ይኖራል። አይፈጥንም በሉት። የምንጫወትበት የአውሮፓ ሰርቨር ያለው ጀርመን ነው። መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ማውስ አያሳጥረውም። ማውሱ የሚያሳጥረው ከጭንቅላትህ እስከ ቁልፉ ያለውን ነው። ቃል የማንችለውን አንግባ።

የዱባዩ፦
ደግሞ ለምን ይሄን ጨዋታ እንደመረጥን ይጨመር። ጊልድ ዋርስ 2 ወርኃዊ ክፍያ የለውም። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፈሉ የሚል ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ስለ ማውስ አናወራም ነበር።

ጸሐፊ፦
በቃ፣ ሁለተኛው ረቂቅ፦

"ማኅበሩ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ስምንት ተጫዋች አባላት በዙር የሚያገለግሉ ሦስት የተለያዩ ባለ 12 የጎን ቁልፍ ማውሶች ይግዛ። አራተኛው ከአባል በስጦታ ተገኝቷል። ማውሶቹ ገመድ ያላቸውና የቁልፍ ድልድላቸውን በውስጣቸው የሚይዙ ይሁኑ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አባላት አራቱንም የሚሞክሩበት አንድ ቅዳሜ ይዘጋጅ። እያንዳንዱ አባል ለሦስት ሳምንት ይይዛል፣ ሲመልስም የተማረውንና ያስቸገረውን ግማሽ ገጽ ጽፎ ያስረክባል። በአንድ ጭነት ከአንድ በላይ ድርጊት የሚያስወጣ ማክሮ ክልክል ነው። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ይመደብ። ግራ እጅ ለሚጠቀሙ አባላት የሚሆን ማውስ ይፈለግ።"

የሙከራው ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይሁን። ለሲልቨር ስፕሪንጎች በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ በቪዲዮ ገብተው ያግዙናል።

ሂለሩ፦
ግማሽ ገጽ የሚለው ደስ ብሎኛል። እኔም ባልጫወትበት ዕጣ ውስጥ እገባለሁ፣ ተቃውሞዬን በግማሽ ገጽ ለመጻፍ።

ፒያሳዋ፦
በጥፍር ቀለም የሚለው ቀርቷል።

ጸሐፊ፦
ጉባኤው ፊት የጥፍር ቀለም በጀት ልታስጠይቂኝ ነው?

ፒያሳዋ፦
ከራሴ አመጣለሁ።

ግራኙ፦
እኔ እስማማለሁ። የግራ እጁ ማውስ እስኪገኝ ግን ዕጣው ውስጥ ስሜ ይግባ። ከደረሰኝ ተራዬን ለማክሮ ወዳዱ እሸጥለታለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ዕጣ መሸጥ በደንባችን የለም።

ግራኙ፦
ዕቁብ ነው አላልክም?