ሦስት ክረምት የቆመ ሃይሉክስ (5ኤል ናፍጣ) ከምን ልጀምር?

ጠያቂው፣ ፍኖተ ሰላም

እንደምን ሰነበታችሁ። የአባታችን ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ 5ኤል ሞተር፣ ካምቢዮው በእጅ የሚገባ። ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ሦስት ክረምት አልፎበታል። ሲቆም ሞተሩ ደህና ነበር። አሁን ባትሪው ሞቷል፣ ታንኩ ውስጥ እስከ ግማሽ ናፍጣ አለ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተኝተዋል፣ የእጅ ፍሬኑም እንደተያዘ ነው የቀረው። ጎረቤቴ «በባትሪ ካቦ ከእኔ መኪና ጋር አገናኝተን አንዴ እንሞክረው» ይላል። ልሞክር ወይስ ቀድሞ የሚታይ ነገር አለ?

የቡሬው መካኒክ

ካቦውን ተወው ወንድሜ። ሞተሩ በእጅ ሳይዞር ሞተሪኖ (ማስነሻው) አይነካም።

መኪና ረጅም ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተንጠፍጥፎ ይወርዳል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ሁሌም አንዱ ሲሊንደር ባልቦላው (የአየርና የጭስ በሩ) ተከፍቶ ነው የሚቀረው፤ የክረምቱ እርጥበት በዚያ ገብቶ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) በዝገት ያስይዘዋል። በሞተሪኖ ካስገደድከው ፋሻው ይሰበራል፣ ወይም ባልቦላውን ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ያረጀ የታይሚንግ ቺንጋ ጥርስ ይዘላል። 5ኤል ላይ ቺንጋ ዘለለ ማለት ፒስተኑ ባልቦላውን መታው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው።

አራቱን ማሞቂያ ካንዴላዎች ፍታ። ከመፍታትህ በፊት ዙሪያቸውን በአየር ንፋው፤ እዚያ የተጠራቀመው አሸዋ ወደ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ጣጣ ነው። በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት በሲሪንጅ ጨምር። «ትንሽ ልመርቅበት» እንዳትል። ይህ ሞተር አየሩን 22 ለ1 አካባቢ ነው የሚያምቀው፣ ፒስተኑ ሲወጣ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ዘይት አይታመቅም፤ ከበዛ ቢየላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል።

ይደር። በማግስቱ ካምቢዮውን ከማርሽ አውጥተህ፣ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ፣ የክራንኩን ፑሊ ብሎን ከፊት ቆመህ በሰዓት አቅጣጫ በረጅም ቁልፍ ቀስ ብለህ አዙር። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ምንም ድንጋጤ ከዞረ ደስ ይበልህ። አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቆመ አታስገድደው፤ ዘይት ጨምረህ አንድ ሁለት ቀን ቆይና ወዲህ ወዲያ በማለት አላውሰው።

አየር ፊልትሮውን ደግሞ ክፈተው። ግቢ ውስጥ እንዲህ የቆመ መኪና አይጥ ሳትገባበት አትቀርም።

ረጅም መንገድ (ሹፌር)

ይህ ሁሉ ለምን? በትራክተር ጎትታችሁ ሁለተኛ ማርሽ ብታስገቡት ይነሣል።

የቡሬው መካኒክ

ሊነሣ ይችላል። ሞተሪኖ ግን ከበደው ይቆማል፤ ትራክተር አይቆምም። ፋሻ የያዘውን ሞተር ሰባብሮትም ይሄዳል። ለቆመ መኪና መጎተት የመጨረሻው ሳይሆን የሌለ አማራጭ ነው።

ኤሌትሪሺያን፣ ባሕር ዳር

ስለ ባትሪው። ሦስት ዓመት ባዶውን የቆመ ባትሪ ዘጠና እጁ አይመለስም፤ ሳህኑ ላይ ነጭ ጨው ደርቆበታል። መሞከር ከፈለግህ ክዳኑን ክፈትና ከሳህኑ በላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን የተጣራ ውሃ ጨምር። የቧንቧ ውሃም፣ አሲድም አይሆንም። 70 አምፒር ሰዓት ከሆነ በ7 አምፒር ቻርጅ ይደረግ፣ ከቻርጅ ወርዶ አንድ ሌሊት ይቀመጥ፣ ከዚያ ይለካ። 12.6 ቮልት ከያዘ ተስፋ አለው፤ ከ12.2 በታች ከወረደ ገንዘብህን ለአዲስ አስቀምጥ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪም ናፍጣ ሞተር አያስነሣም።

ካንዴላዎቹ ከተፈቱ አይቀር በኦም መለኪያ እያቸው። ከ1 ኦም ብዙም የማይርቅ ከሆነ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ባትሪ ላይ በቀጥታ አትፈትን። ቶዮታ ላይ 12 ቮልት የማይችሉ ካንዴላዎች አሉ፣ አንገታቸው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። በማግስቱ ሁለት ዙር ዞረ፤ መጀመሪያ ላይ ከበደ፣ ኋላ ለቀቀ። አየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ የጤፍ ጭድ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክርና የባቄላ ገለባ እስከ አፉ ጢም ብሎ ነበር፤ ወረቀቱ ጥግ ጥጉ ተበልቷል። የካንዴላው ገመድም ተልጦ መዳቡ ይታያል። ናፍጣው እንዴት ይደረግ? ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

የቡሬው መካኒክ

ፊልትሮውን አራግፈህ እንዳትመልሰው፣ ቀይረው። እስከ ሞተሩ አንገት ያለውንም ቱቦ በባትሪ መብራት እየው፤ አንዲት የጭድ ዘለላ ባልቦላ ሥር ብትገባ በቂ ናት።

ናፍጣውን በታንኩ ሥር ባለው ብሎን እስከ ጠብታው አውርደው። መጀመሪያ የሚወጣውን በብርጭቆ ያዝና አስቀምጠው። ግማሽ ታንክ ባዶ ሲሆን የባዶው አየር ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፤ ያ ላብ ወርዶ ከናፍጣው ሥር ይተኛል። በውሃውና በናፍጣው መካከል ጥቁር አተላ ካየህ ሕይወት ያለው ነገር በቅሎበታል፣ አንድ ፊልትሮ አይበቃህም። ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። አተላ ካላየህ ግን በ5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ አለቅልቀህ ድፋና 20 ሊትር አዲስ አስገባ። የወጣው ለመኪና አይሆንም።

የናፍጣ ፊልትሮ አዲስ ግዛና ናፍጣ ሞልተህ እሰረው። የሞተር ዘይቱንም አሁኑኑ ከነፊልትሮው ቀይር፣ 15/40 የናፍጣ ሞተር ዘይት። 500 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይደገማል።

ጠያቂው

ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ከመቶ ጊዜ በላይ ጨመቅኋት። አልጠነክር አለች። በየትም በኩል የሚንጠባጠብ ናፍጣ የለም።

የናፍጣ ፖምፓ ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ

የማይንጠባጠበው ለዚህ ነው፤ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚስብ ነው። ሲሰነጠቅ ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ያስገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከብረቱ ቱቦ ወደ ፊልትሮው የምትመጣዋ አጭር የላስቲክ ቱቦ ናት። ጣትህ ላይ ጠምዝዛት፤ የተሰነጠቀ መሬት መስላ ከታየችህ አገኘኸው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገህ አስቀምጥና በንጹሕ ቱቦ ቀጥታ ወደ ፊልትሮው አግባው። አሁን እጅ ፖምፓዋ ከጠነከረች ችግሩ ከፊልትሮው ወደ ታንክ ባለው በኩል ነው። ካልጠነከረች ራሷ ውስጧ ያለው ላስቲክ ደርቋል።

ከጠነከረች በኋላ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ረጪዎቹ) ላይ ያሉትን አራት የቱቦ ዳዶዎች በ17 ቁልፍ አንድ ዙር ብቻ ላላ አድርግ። በሞተሪኖ ከ10 ሰከንድ ሳታስበልጥ፣ እያሳረፍክ አዙር። አረፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቅ። የሚረጨው ላይ እጅህን አታስጠጋ። ምንም ካልመጣ ቁልፉን ስትከፍት ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ ማቋረጫ «ቀጭ» ይላል ወይ? ካላለ ናፍጣው እዚያው ተዘግቷል።

አንድ ነገር አትርሳ። ሲቆም የኖረ ፖምፓ ውስጡ ናፍጣ በማብዛት በኩል ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ሞተሩ እንደተነሣ ይጮሃል፣ ቁልፍ ብትዘጋም አይሰማም። የመጀመሪያውን ቀን የአየር መግቢያው አፍ አጠገብ ጠፍጣፋ ጣውላ የያዘ ሰው ይቁም። በእጅ ወይም በጨርቅ አይዘጋም፣ ይስበዋል።

ጠያቂው

ቱቦዋ ነበረች! ስትታጠፍ ተሰበረች። ቀየርኳት፣ አየሩን አወጣሁ፣ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። የዘይት መብራቱ ወዲያው ጠፋ። ነጭ ጭስ አለው። አሁን ግን መኪናው ንቅንቅ አይልም። እሁድ አዲስ አበባ ልወስደው አስቤ ነበር።

ፍሬን ሠሪ፣ ደጀን

እሁድን ሰርዛት።

ነጩ ጭስ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ አያስጨንቅ። የማይነቃነቀው የኋላው ፍሬን ሸራ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ ስለተጣበቀ ነው። ጋዝ ረግጠህ አታስለቅቀው፣ ሸራው ከብረቱ ይላጣል። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባ፣ ክሪክ አንሣው፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ጎማውን አውጣ። ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ብሎኖች ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅህ ስታስገባ ታምቡሩን ይገፉታል፣ በየመሐሉ ጠርዙን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው። ውስጥ ያለው የፍሬን ሲሊንደር ላስቲኩ ላብ ካሳየ ሁለቱንም ጎን ቀይር።

የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፣ የፍሪሲዮኑም (የክላቹ) ጭምር። ይህን የምለው ለጥንቃቄ ያህል አይደለም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ድልድዩ እስክትደርስ ፍሬኑ ይግላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ይነካል።

ፔዳሉ ድንጋይ ከሆነብህ ደግሞ ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለችውን የቫኪዩም ፖምፓና ቱቦዋን እይ፤ ፍሬኑን የምታቀልልህ እሷ ናት።

ጎማዎቹን ነፍተህ እንዳትተማመን። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች መጨረሻ ያሉት አራቱ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2315 ካለ በ2015 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በእሱ መንገድ አይወጣም።

የቡሬው መካኒክ

የታይሚንግ ቺንጋውም ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዕድሜው ይቀየር፣ ከነመወጠሪያው። ዝገት ያለውን ውሃ አፍስሰህ ራዲያተሩን አጥበህ ግማሽ በግማሽ ከኩላንት ጋር ሙላ፣ ክዳኑንም አዲስ አድርግ። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ነው የሚፈላው፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ከሆነ ቴርሞስታቱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ይፈላብሃል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እስከ ጅጋ ደርሰህ ተመለስ። ወርደህ አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ነካ ነካ አድርግ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም።

ጠያቂው

የኋላ ግራው ያቃጥላል።

ፍሬን ሠሪ፣ ደጀን

የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ነው። ከታምቡሩ በኩል ፍታውና ሳብ ልቀቅ አድርገው፤ በራሱ ካልተመለሰ ዘይት አትፍጅበት፣ ገመዱን ቀይር።