የተያዘ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ከባለቤቱ ለመግዛት ስንት እንበለው?

የቡሬ በርበሬ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቡሬ ላይ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ እንልካለን። «ጎጃም» የሚል ቃል ያለበት ስም በዶት ኮም ፈልገን ተይዞ አገኘነው። ገጹ ባዶ ነው፤ «ይሸጣል» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ባለቤቱ ባሕር ዳር የሚኖር ግለሰብ ነው፤ 2,500 ዶላር ጠራብን። ተገቢው ዋጋ ስንት ነው? ወይስ ጊዜው እስኪያልፍበት እንጠብቅ?

ዳሞት፦
የጠራውን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን ባዘጋጀው መፈለጊያ ስሙን አስገቡና የተመዘገበበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀንና መዝጋቢ ኩባንያውን ያዙ። የባለቤቱ ማንነት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በአብዛኛው ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ተራ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ያስከፍላል፤ ስምንት ዓመት ከያዘው ከኪሱ የወጣው ከ80 እስከ 160 ዶላር ነው። ከዚያ በታች አይሸጥም ብላችሁ ተነሱ። ከዚያ የተሸጡ ስሞችን ዋጋ በሚያሳየው ድረ ገጽ ኔምባዮ ላይ የተቀራረቡ ስሞች ስንት እንደተሸጡ እዩ። ሻጭ ሁሉ ማስረጃ ብሎ የሚያመጣው አንድ ቃል የሆነ የእንግሊዝኛ ስም የተሸጠበትን ዋጋ ነው፤ ለበርበሬ ስም አይሆንም።

መጠበቁን አትመኑበት። ካበቃ በኋላ ባለቤቱ የሚያድስበት እስከ 45 ቀን፣ ቅጣት ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን፣ ከዚያም እስኪሰረዝ 5 ቀን አለ። ብዙ መዝጋቢዎች ደግሞ መሃል ላይ በጨረታ ይሸጡታል።

ጮቄ፦
ዳሞት ልክ ነው፤ ግን በወጪው ልክ 150 ብላችሁ ብትጀምሩ መልስ አታገኙም። 300 በሉ። ከዚያ 400፣ 450፣ 470፤ ጭማሪው እያነሰ ሲሄድ ጣሪያው መድረሱን ራሱ ያውቀዋል። ጣሪያችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ፦ ስሙ ያለበት ከረጢት ገና ካልታተመ ሌላ ስም መውሰድ ብዙ አያስወጣችሁም፣ ጣሪያው ዝቅ ይበል። ከታተመ ግን እንደገና የማሳተሚያው ዋጋ ይታሰብ።

የድርጅቱን ስም አታንሱ፣ ከተራ ኢሜይል ጻፉ። እንዲህ በቂ ነው፦ «ስሙን ለመግዛት አስበናል። 300 ዶላር መክፈል እንችላለን፤ ከተስማማን በዚህ ሳምንት እንጨርሳለን።» ከዚያ አሥር ቀን ዝም። በማግስቱ «እሺ ወይ?» ያለ ገዢ ዋጋውን በራሱ ላይ ሰቀለ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጎጃም በላቲን ፊደል በአንድ «ጄ»ም በሁለት «ጄ»ም ይጻፋል። ስሙን በስልክ ለአምስት ሰው ንገሩና አስጽፏቸው። ሰው የሚጽፈው ሻጩ የያዘውን ካልሆነ ዋጋው በዚያው ልክ ይወርዳል።

ዓባይ ማዶ፦
ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። ሻጩ የይለፍ ቃሉን ሰጥቷችሁ ወይም ስሙን ወደ ድረ ገጻችሁ አዙሮላችሁ «ተረከባችሁ» ቢል ገና የሱ ነው። እሱ ያለበት መዝጋቢ ዘንድ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ክፈቱ፤ ስሙን ወደዚያ ያዛውርላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ያልቃል። ወደ ሌላ መዝጋቢ ከሆነ ስሙ እንዳይዘዋወር የሚያግደውን ቁልፍ ያነሳል፣ የማዘዋወሪያ ኮድ ይሰጣል፣ እስከ 5 ቀን ይወስዳል፤ በቅርቡ የተመዘገበ ወይም የተዘዋወረ ከሆነ በአብዛኛው 60 ቀን አይንቀሳቀስም።

ውጭ አገር ላለ ሻጭ ስሙ እስኪተላለፍ ገንዘቡን በመሃል የሚይዘው ኤስክሮው ዶት ኮም ይሻላል፤ የአገልግሎት ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የናንተ ግን ባሕር ዳር ነው፦ በብር ተስማሙ፣ የትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሆነ ጻፉ፣ ባንክ ቤት አብራችሁ ተቀመጡ። ስሙ አካውንታችሁ ውስጥ ሲታይ ገንዘቡ ይተላለፍ። ቀብድ ከጠየቀ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። ማደሻው በአብዛኛው በየዓመቱ በዶላር ካርድ ስለሆነ ካርዱን ከአሁኑ አስቡበት፤ ገዝተው በማደሻ የሚያጡት ብዙ ናቸው።

የቡሬ በርበሬ፦
እናመሰግናለን። አምስት ሰው አስጻፍን፤ አራቱ በአንድ ጄ ጻፉት። እሱ የያዘው በሁለት ነው። በአንድ ጄ ያለው ገና አልተያዘም።

ጮቄ፦
እንግዲያውስ እሱን ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ለሰውየው የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ከጻፋችሁ እሱንም ይይዘዋል።