አስቸኳይ! ፕሮጀክተሩ ምስሉን መሃል ላይ አኮማተረብኝ

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ሰዎች ድረሱልኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጓደኞቼ ፊልም ሊያዩ ይመጣሉ። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ምስሉ መሃል ላይ ተኮማትሯል። ዙም ሳደርገው የሰዎቹ ጭንቅላት ይቆረጣል። ደግሞ ቀለሙ ድንገት ይጠፋና ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ኬብል ቀይሬያለሁ። አምፖሉ ነው?

ቤዛ፦ ኬብሉን ቀይረህ ሞክር።

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ቀይሬያለሁ አልኩ እኮ!

የድሮ_ካሴት፦ ፊልሙ ምንድን ነው?

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ብሌር ዊች ፕሮጀክት። ካሜራ ይዘው ጠንቋይ ፍለጋ ጫካ ገብተው የሚጠፉት ሦስት ልጆች። የድሮ ስለሆነ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ማሙሽ፦ የ1999 ፊልም የድሮ ሆነ? እኔ ሲኒማ ገብቼ ነው ያየሁት። አረጀህ በለኛ!

የድሮ_ካሴት፦ ምንም አልተበላሸም፤ ፊልሙ ራሱ እንደዚያ ነው። የሚቀርጹት ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው። ግማሹን በተራ የቤት ቪዲዮ ካሜራ በቀለም፣ ግማሹን በ16 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ ጥቁርና ነጭ። የምስሉ ቅርጽ 4 በ3 ነው፣ ወደ ካሬ የቀረበ፤ ያንተ ፕሮጀክተር ደግሞ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ልክ ነው። ሪሞቱ ላይ "አስፔክት" የሚለውን (የምስሉን ቅርጽ የሚወስነውን) "አውቶ" አድርገውና ተወው። ዙም አትንካ።

መምህሩ፦ በጥቂት ብር የተሠራ አስፈሪ ፊልም ከተነሳ ከመሠረቱ እንጀምር። ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር በ1973 የቴክሳስ ሙቀት፣ እሱም በ16 ሚሊሜትር ተቀረጸ። ስሙን ሰምቶ የደም ጎርፍ የሚጠብቅ ሰው ያፍራል፤ ደሙ ጥቂት ነው፣ የሚያስጨንቀው ላቡና ጩኸቱ ነው። ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ ደግሞ ቴነሲ ጫካ ውስጥ ኢቪል ዴድን ሲሠራ፣ ካሜራውን ጣውላ ላይ አስሮ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንዲሮጥ አደረገ። ያ በዛፎቹ መሃል የሚከንፈው ክፉ መንፈስ ጣውላ ነው! ብር ቢኖራቸው ይህን ባላሰቡት ነበር።

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ፕሮጀክተር ነው።

ሊሊ፦ ምኑ ያስፈራል ግን? ጠንቋይዋ እንኳ አትታይም። ሦስት ሰው ሲጨቃጨቅ ነው ያየሁት። ሌላ ፊልም ክፈትላቸው።

የድሮ_ካሴት፦ ሊሊዬ፣ ጭቅጭቁ እኮ የእውነት ነው። 8 ቀን ጫካ ውስጥ ሲቀርጹ ምግባቸውን በየቀኑ ይቀንሱባቸው ነበር። ሌሊት ደግሞ አዘጋጆቹ መጥተው ድንኳኑን ይነቀንቁባቸዋል። የራበውና እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት በሜካፕ አይመጣም። እኛ የድሮ ወዳጆች የምንወደው ይሄን ነው።

ማሙሽ፦ ሳሚ፣ የተቀረጸው እኮ እዚሁ ጎረቤትህ፣ ሜሪላንድ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ነው። ለእንግዶቹ መጨረሻ ላይ ንገራቸው። በጨለማ ወደ ቤታቸው ሲነዱ ያስቡበት።

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ አውቶ ላይ ተስተካከለ፣ ተባረክ! የሌሊቱ ክፍል ግን ድፍን ጨለማ ነው። ጋቢ ነው የሰቀልኩት።

የድሮ_ካሴት፦ ጋቢ?! ነጭ አንሶላ ተኩሰህ ወጥረህ ስቀል። መጋረጃ ዝጋ፣ ኃይል ለመቆጠብ ብርሃኑን የሚቀንሰውን "ኢኮ" የሚለውን አጥፋው። አንዳንዱ ቦታ ግን ከድምፅ በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ የፕሮጀክተሩን ሚጢጢ ስፒከር ተውና ከትልቅ ስፒከር ጋር አገናኘው።

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ በር ተንኳኳ። መጡ መሰለኝ።

ማሙሽ፦ ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ? እነዚህ ሐበሻ አይደሉም፤ እንዳትከፍት!

የድሮ_ካሴት፦ ሳሚ፣ እንዴት ሆነ? ሁለት ቀን ጠፋህ እኮ።

ቤዛ፦ ለማንኛውም ኬብሉን ቀይር።