ፒያሳን ማን ሰየመው? ወያላው ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ?

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ደሜ ፈላ። አንድ እንግዳ ቀርቦ ምን ይላል፦ «ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ መርካቶ፣ ፖፖላሬ እያልን እስከ ዛሬ ፋሺስት ያወረሰንን ስም እንጠራለን። ሰፈሮቹ እንደ አዲስ ሲሠሩ ስማቸውም አብሮ ይቀየር።» አዘጋጁም «ትክክል፣ ትክክል» ይላል። ምኑ ነው ትክክሉ? ፒያሳ በ2016 ፈረሰ። ካዛንቺስ በ2017 ተከተለ። ቤቱ ሄደ፣ ሰዉ ተነሳ፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረን። እሱንም ውሰዱት? ደግሞ ስም በስብሰባ አይወጣም። እዚህ ከተማ ስም የሚያወጣው ወያላ ነው። ወያላ የጠራው ስም ነው ስሙ፤ የቀረው ታፔላ ነው።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
በጣም ጥሩ። እንግዲህ ታሪካችንን ወያላ ይጻፍልን።
ሰውዬው ምን አጠፋ? ካዛንቺስ የምትሉት እኮ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ድርጅት ስም ነው። የነሱ ኪራይ ቤቶች በሉት። አምስት ዓመት ገዝተውን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 በአካፋና በዶማ ጨፍጭፈውን ሄዱ። እኛ ደግሞ የቤት ድርጅታቸውን ስም ይዘን «ትዝታዬ» እያልን እናለቅሳለን።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
የኔን ሰፈር ምን ልታደርጉት ነው ታዲያ? ሃያ ሁለት የደርግ ቀበሌ ቁጥር ነው። ደርግ የለም፣ ቀበሌው የለም፣ ቁጥሩ አለ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ቁጥር ማንንም አይሰድብም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
አይ አንተ። በቀበሌ አይደለም እንዴ ሰው ሲታሰር የነበረው? እናቴ «ቀበሌ ትፈለጋለህ» ሲባል የሚሰማትን ጠይቃት። ይኸው ግን ሃያ ሁለት ጥብስ የሚበላበት ሰፈር ሆኖ አረፈው። ስም እንዲህ ነው፤ በላዩ ላይ የሚኖረው ሰው ይቀይረዋል።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኔ የተማርኩት ልዑል መኮንን ነው። ደርግ አዲስ ከተማ አለው። ተፈሪ መኮንንን እንጦጦ አለው፤ እቴጌ መነንን የካቲት 12 አለው። እኛ የድሮዎቹ ስንገናኝ እስከ ዛሬ «የተፈሪ መኮንን ልጅ»፣ «የመነን ልጅ» ነው የምንባባለው። ከኛ በኋላ የመጡት ግን «የእንጦጦ ልጅ ነኝ» ብለው ይኮራሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው። ስም በአዋጅ ሲቀየር የሚሆነው ይኸው ነው። ትውልዱ ለሁለት ይከፈላል እንጂ ስሙ አይሞትም።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን አከብራለሁ። ግን የመሰከሩት ለኔ ነው። «የእንጦጦ ልጅ» የሚል ትውልድ በአዋጅ ተፈጠረ ማለት አይደለም? አብዮት አደባባይም ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆኗል። ከተፈለገ ይቀየራል። ወያላውም «አብዮት» ማለቱን ትቷል።

ኮድ 3፦
ማን ነግሮህ ነው? በረዳትነት ጀምሬ አሁን ሹፌር ነኝ። እዚያ ጋ ስንደርስ አብዮትም መስቀልም አንልም። «ስታዲየም» ነው የምንለው። ተሳፋሪው የሚወርደው ስታዲየም ነዋ።
በነገራችን ላይ ሁላችሁም «ወያላ፣ ወያላ» ትላላችሁ። ረዳት ነው የሚባለው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ ለሙገሳ ነው ያልኩት። ግን ማስረጃዬን አመጣህልኝ። ሚያዝያ 27 አደባባይ የት ነው? በ1933 ጣሊያን ድል የተነሳበት ቀን እኮ ነው! አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆመህ ጠይቅ፣ ግማሹ ሰው «በየት በኩል ነው?» ይልሃል። የካቲት 12 አደባባይስ? ስድስት ኪሎ። አንተ በፋሺስት ስም የምትንገበገበው ሰውዬ፣ ነገ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ፣ ሚያዝያ 27!» በልና እንይህ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
እላለሁ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ሃሃሃ፣ አምባሳደር ድረስ ወስደው ነው የሚጥሉህ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ሳቁ። ግን «ወያላ የጠራው ነው ስሙ» ላላችሁት መልስ አላችሁ? ሜክሲኮ አደባባይን ወያላ ነው የሰየመው? መንግሥት ነው። የሜክሲኮ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለ ውለታ ለመመለስ። እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ይኸው ወያላችሁ ከጠዋት እስከ ማታ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። መንግሥት ሰየመ፣ ሕዝቡ ተቀበለ። ምን ጎደለው?

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
አጭር ስለሆነ ነው። አፍ ላይ ይቀልላል።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
አሃ! አሁን ነገሩ የታሪክ ሳይሆን የርዝመት ሆነ። እንግዲያው አራዳ ከፒያሳ ይረዝማል? ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ገበያውም፣ ጊዮርጊስም፣ ሁሉም ነገር አራዳ ነበር። ወያላህ «አራዳ፣ አራዳ» ለማለት ምላሱ ይታሰራል?

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
አራዳ ዛሬ ክፍለ ከተማ ነው። ብዙ ሰፈር ይይዛል። «አራዳ» ብሎ ከጠራ ተሳፋሪው «የቱ አራዳ?» ይለዋል።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ክፍለ ከተማውን ታዲያ ማን ሰየመው፣ ወያላ?

ጡረተኛው፦
ይቺ ጥሩ ናት።

ሸራ ተራ፦
የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ ልግባበት። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ያመጣው ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ነው። እናውቃለን። የተናቀ ቦታ ነበር የሰጠን። ግን እዚህ ጋ የቆመውን ነገር ማን ሠራው? በባዶ እጁ ከገጠር መጥቶ ሊስትሮ የጀመረ ልጅ ነው ሕንፃ ያቆመው። መርካቶ ስትል ጣሊያን ትዝ የሚልህ አንተን ብቻ ነው። ለኔ አባቴ ነው ትዝ የሚለኝ። ደግሞ ግባና እይ፤ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ዱባይ ተራ። ይሄን ሁሉ ያወጣው የትኛው የስያሜ ኮሚቴ ነው?

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
አባትህን አከብራለሁ። ክብሩን ግን በራሱ ስም ይጠራበት ነው የምልህ። ሰው ቤቱን ሠርቶ ሲያበቃ በር ላይ የባላጋራውን ስም ይጽፋል?

ሸራ ተራ፦
በር ላይ የተጻፈው የሱቃችን ስም ነው። ግብርም የምንከፍለው በሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ከሀዋሳ። እኛም ፒያሳ አለን። ሀዋሳ የተቆረቆረችው ግን ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የኛን ፒያሳ የትኛው ፋሺስት ነው የሰየመው? ሰዉ ለከተማው መሃል ስም ፈለገ፣ የሚያውቀውን ስም ሰጠ። በቃ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ይሄማ ይብሳል! ማንም ሳያስገድደን በገዛ እጃችን ተከልነው።

ሐይቅ ዳር፦
ማኪያቶህን ጠጣና ተረጋጋ።

የጉለሌዋ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ከጣሊያን በፊት አራዳ ነበር» አላችሁ። ከአራዳ በፊትስ? ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሰው ስም ናቸው፤ የጎሳ ስም። እዚሁ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ስም። ከተማዋ ራሷ ፊንፊኔ ነበረች። ወደ ኋላ እንመለስ የምትሉ ሰዎች፣ ሁልጊዜ እናንተ የምትወዱት ፌርማታ ላይ ነው የምትወርዱት።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
እህቴ፣ ይሄ ሌላ ክርክር ነው። እዚህ አናምጣው።

የጉለሌዋ፦
ለምን ሌላ ሆነ? ያንተ ሲነሳ ታሪክ፣ የኔ ሲነሳ ፖለቲካ። ጃንሆይ አዳማን ናዝሬት ሲሉ፣ አምቦን ሀገረ ሕይወት ሲሉ ፋሺስት ነበሩ እንዴ? አልነበሩም። ግን ነዋሪውን አልጠየቁትም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ሀገረ ሕይወት ግን ምን ያህሉ ሰው አለው? አምቦ አምቦ እንደሆነ ቀረ። ውሃውም አምቦ ውሃ ነው።

የጉለሌዋ፦
ነዋሪው ስላልጠራው ነዋ። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ኮድ 3፦
ናዝሬት ግን ያዘ። መናኸሪያ ላይ «ናዝሬት» የሚልም አለ፣ «አዳማ» የሚልም አለ። ሁለቱም መኪናቸው ይሞላል።

የጉለሌዋ፦
ታፔላና መታወቂያ ላይ ግን አዳማ ነው የሚለው፣ ልብ በል።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ታፔላ ነው ያልኩት እኮ!

የጉለሌዋ፦
አይ፣ አንተ ታፔላ የምትለው ለኛ የተመለሰ ስም ነው። እሱን ከጋቦን ጎዳና ጋር አትደባልቀው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
እሺ፣ በሱ ይሁንልሽ። ግን ጋቦን ጎዳናን ካነሳሽው፣ መስቀል ፍላወር ነው እኮ! የሆቴል ስም ጎዳናውን በላው። የቦሌ መንገድስ? አፍሪካ ጎዳና ይባላል። «አፍሪካ ጎዳና እንገናኝ» ብሎ ቀጠሮ የያዘ ሰው እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠብቃል። ኢምፔሪያል ጋ የቦብ ማርሊ ሐውልት ቆመ፣ አደባባዩም በስሙ ተጠራ። ሰዉ ግን ኢምፔሪያል ነው የሚለው።

ዲሲ ነኝ፦
ከውጭ ሆኜ ስታዘብ፣ ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2002 በፈረንጆቹ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብለው በይፋ ሰየሙት። ሁሉም ሰው ይጠራዋል። ሥርዓት ካለ ስም ይይዛል።

ሸራ ተራ፦
ጌታው፣ እንጀራ ቤቶቹ ቀድመው እዚያ ነበሩ፣ ስሙ ኋላ ነው የመጣው። ከተማው ያጸደቀው የነበረውን ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ስም። እኛ ጋ ደግሞ ሰዉ ተነስቶ ነው ስም የሚታሰበው።

ገላን ጉራ 4ኛ ፎቅ፦
የተነሳው ሰው እኔ ነኝ። ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ አግብቼ፣ አሁን ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ስለ ስም ስትጨቃጨቁ ይገርመኛል። ከጎረቤቶቼ ግማሾቹ የድሮ ሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ዕድራችን በካዛንቺስ ስም ነው። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ቡድናቸውን «ካዛንቺስ» ነው ያሉት። እዚያ የሚሠራውን ሕንፃ የፈለጋችሁትን በሉት፣ ለኛ ለውጥ የለውም።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ሐዘንሽ ይገባኛል እህቴ። ግን አስቢው፣ የጣሊያንን የቤት ድርጅት ተሸክማችሁ ገላን ድረስ ሄዳችሁ።

ገላን ጉራ 4ኛ ፎቅ፦
አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? ዕድሩን ነው የተሸከምነው። ለቅሶ ስትደርስ የማንን ስም ነው የምትጠራው?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ኧረ ተው አቦ፣ ይቅርታ በላት።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ቅር ካላት ይቅርታ። በአቋሜ ግን ጸንቻለሁ። አያቴ ጫካ የገባው ጣሊያንኛ እንድንናገር አይደለም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ አባቴም አርበኛ ነበር። ከጫካ ሲመለስ «ፒያሳ ቡና ልጠጣ» ብሎ ነበር የሚወጣው። ድል ያደረገ ሰው በቃል አይደነግጥም። ደግሞ መኪናህን ጎሚስታ ወስደህ ጎማ ስታስነፋ ማን ጣሊያን አስገደደህ?

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ጋሼ፣ ጎሚስታና የመዲናዋ መሃል አንድ ነው?

ኮድ 3፦
የኔን ጥያቄ ዘለላችሁት። ረዳት ወይስ ወያላ? ሁሉም ሰው እኮ ማዕረግ አለው። አንድ ፊልም ላይ በር የከፈተ «አርቲስት» ነው፣ ግንበኛው «ኢንጂነር» ነው። ቀኑን ሙሉ የከተማውን ስም የሚጠራው ልጅ ግን ወያላ። ለሰፈር ስም ይሄን ያህል ከተጨነቃችሁ ለሰውም ተጨነቁ።

ሸራ ተራ፦
እናንተም ስም ማውጣት ታውቁበታላችሁ እኮ። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?

ኮድ 3፦
እኛ አላልንም! እግረኛው ነው ያለው። ለነገሩ ስሙ ልክ ነው፤ መንገድ ላይ ሲመጣብህ ታየዋለህ።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ይኸውላችሁ። ቀይ ሽብርን የሚያህል ስም ለገልባጭ መኪና ሰጠው ሕዝቡ። ማን ፈቀደለት? ማንም።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
ይሄ የሚያኮራ ነገር ነው? ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች አሉ። የናንተ «ሕዝቡ ያወጣው» መጨረሻው ይሄ ነው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ያጡትም ናቸው የሚሉት። መረረው፣ ቀለደበት። ታፔላ ላይ ይጻፍ አላልኩም።

ኮድ 3፦
በሉ እንግዲህ፣ ሰባራ ባቡርንም ጨምሩበት። እሱም የጣሊያን ባቡር አይደል?

ጡረተኛው፦
አይደለም! ሰባራ ባቡር በምኒልክ ጊዜ የመጣው የሰርኪስ ባቡር ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመን ነው ያመጣው። መንገድ መዳመጫ ነበር፣ ተሰብሮ እዚያው ቀረ፣ ሰፈሩም በሱ ተጠራ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
እሱ ይቆይ። እሱ የኛ ነው።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
አርመን ያመጣው የተሰበረ የፈረንጅ ማሽን የኛ ሆነ፣ ሰማንያ ዓመት የኖርንበት ፒያሳ ግን የፋሺስት? ይሄን አስረዳኝማ።

የአርበኛው የልጅ ልጅ፦
አስረዳለሁ። ምኒልክ ገንዘብ ከፍለው ያስመጡት ነው፣ ወርሮን የመጣ አይደለም። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ በሰፊው እመለሳለሁ።

ገላን ጉራ 4ኛ ፎቅ፦
ስትመለስ የዕድሩን ጥያቄዬንም መልስልኝ።

ኮድ 3፦
የረዳቱንም።