የቁም ስፒከር ጣውላ ወለል ላይ ላላችሁ የደሴ ልጆች ጥቆማ

ሰላም ጎበዝ፣ የስፒከር ንዝረት በጣውላው ወደ ታች ቤት እንዳይወርድ ምን ላድርግ ስትሉ ሰው ሁሉ "ጎማ አድርግበት" እያለ ስለሚያልፍ እኔ ያልሞከርኩት ስለሌለ ልንገራችሁ። ቤቴ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው፣ ወለሉ የድሮ ጣውላ፣ ስፒከሮቼ እያንዳንዳቸው 22 ኪሎ ናቸው። አምባሰል በማሲንቆ ብቻ ስከፍት ሰላም ነው፣ ቤዝ ጊታር የገባ ቀን ግን ታች ያሉት እማማ ረከቦታቸው ላይ ሲኒው ይንጫጫባቸውና "ልጄ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ አንተ ነህ?" ይሉኛል።

መጀመሪያ ብር ሳታወጡ ቦታ ቀይሩ። ጣውላው ላይ የሚስማር መስመር ታያላችሁ አይደል፣ ከስሩ ሞራሌው ያለው እዛ ነው፣ ስፒከሩን እሱ ላይ ወደ ግድግዳ ጠጋ አድርጉት፣ መሀል ክፍሉ ነው በጣም የሚዘለው። ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁት ደግሞ ቤዙ ይወፍራል፣ እየሰማችሁ አስተካክሉ።

ስፓይክ (ስፒከሩ ስር የሚገባው ሹል የብረት እግር) እርሱት። ምንጣፍ በስቶ ሲሚንቶ ላይ ለመቆም ጥሩ ነው፣ ጣውላ ላይ ግን ንዝረቱን አያግድም፣ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያተርፋችሁ።

ከዛ አንድ ጓደኛዬ ምከረኝ ስለው "ኮምቦልቻ ጋራዥ የመኪና ጎሚኒ አለ" አለኝ (ንዝረት ለመቀነስ መኪና ላይ የሚገባው ወፍራም ጎማ)፣ 25 ኪሎሜትር ወርጄ 8 ፍሬ ገዛሁ፣ ይባስ ብሎ ጮኸ! በኋላ ነው የገባኝ፣ ጎሚኒ የተሰራው ለመኪና ክብደት ነው፣ የኔ ስፒከር ደግሞ በአንድ እግሩ 5 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው የሚያሳርፍበት፣ ስለዚህ ምንም አይሰምጥም። ነገሩ እንደ ሞላ ነው፣ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ከሰመጠ ራሱ 50 ኸርዝ አካባቢ (በሰከንድ 50 ጊዜ) ይወዛወዛል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ነው፣ ማገዱ ቀርቶ ያግዘዋል ማለት ነው። 1 ሚሊ ከሰመጠ ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል፣ ማገድ የሚጀምረው ከዛ 1.4 እጥፍ በላይ ላለው ድምጽ ነው፣ ስለዚህ 41ዱ ይታገዳል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን እግር ስር የሚገባው ጎማም ለኔ ያው ደረቅ ነው፣ ከባድ ስፒከር ላለው ግን ሊሆን ይችላል።

አሁን የምጠቀመው ይሄን ነው፦ እምነበረድ ቆራጮች ጋር ለኪችን ሲቆርጡ የሚተርፋቸው ቁራጭ አለ፣ 40 በ40 ሁለት ሳንቲም ውፍረት ያለው ወደ 8 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከስሩ ሶፋ ሰሪዎች ጋር የሚገኘውን ጠንካራ ስፖንጅ አራት ቦታ ቆርጬ አደረግኩ፣ 5 ሚሊ ገደማ ሰመጠልኝ። ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ከተጨፈለቀ ዋጋ የለውም፣ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ሲሰንብት ስለሚሞት ደግሞ ይቀየራል። እምነበረዱ ሰፊ ስለሆነ ስፒከሩ አይንገዳገድም፣ ልጆች ያላችሁ ግን በደንብ ነቅንቃችሁ ሞክሩት።

ዱባይ ዘመድ ያላችሁ አይሶአኩስቲክስ ጋያ የሚባለውን ንዝረት የሚያግድ የስፒከር እግር አስመጡ፣ በስፓይኩ ቦታ ነው የሚጠመደው፣ በክብደት ነው የሚመረጠው፣ ለአንድ ስፒከር አራቱ እግር ጋያ 3 እስከ 32 ኪሎ፣ ጋያ 2 እስከ 54፣ ጋያ 1 እስከ 100 ይችላል። ስፒከራችሁን ሳትመዝኑ እንዳታዙ።

በአየር የሚወርደውን ቤዝ ግን አንዱም አያቆመውም፣ ማታ ማታ እኔም ቮሊውም እቀንሳለሁ። ሲኒው ጸጥ ብሏል፣ እማማ አሁን የሚያማርሩት ዘፈኑን ነው። ጋያ 3 ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ካለ ለአንድ ቅዳሜ ያውሰኝና ከእምነበረዴ ጋር ላወዳድረው።