በረዳትነት ጡረታ የወጡ ጳጳስ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ታሪክ ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በካቶሊካዊው ሀገረ ስብከታችን ያገለገሉትን ረዳት ጳጳሳት አጭር የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ሥራውን ጀምሬአለሁ። የዋናዎቹ ጳጳሳት ታሪክ አላስቸገረኝም፤ ካቴድራል ሠሩ፣ ዘርዐ ክህነት ከፈቱ፣ ከሹማምንት ጋር ተጋጩ፤ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። የረዳቶቹ ግን ቅጽ የሞላሁ እየመሰለ አስቸግሮኛል፤ ተወለዱ፣ ቀሰሱ፣ ተሾሙ፣ አረፉ። በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው ዛሬ ፍርስራሽ ብቻ የቀረው የጥንት ከተማ ጳጳስ ተብለው ተመዝግበዋል። አንደኛው ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸው ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው። ሌላው ግን ሦስት ዋና ጳጳሳትን ተራ በተራ አገልግለው በረዳትነታቸው ጡረታ ወጡ። እኚህ ሁለተኛው ምን ቢያጠፉ ነው? ታሪካቸውንስ ከየት ልጀምረው?

የሕግ ተማሪ፦
ስለ ጥንቶቹ ከተሞች ልመልስልዎ። አንድን መንበር ሁለት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አይይዙትም። ጳጳስ ሆኖ የተቀባ ሁሉ ግን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ መባል ስላለበት፣ ለረዳቱ ከጠፉት መንበሮች አንዱ በስም ይሰጠዋል። ብዙዎቹ በሮማውያን ዘመን በሰሜን አፍሪካና በትንሹ እስያ የነበሩ ናቸው። እስከ እ.ኤ.አ. 1882 «በማያምኑት ምድር» የሚል ቅጽል ይከተላቸው ነበር፤ በሊዮ 13ኛ ዘመን ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ መሠረት፣ ረዳት የሚያስፈልገው ጳጳስ ቢያንስ የሦስት ካህናትን ስም ለቅድስት መንበር፣ ማለትም ለሮም፣ ያቀርባል። ዕጩው 35 ዓመት የሞላውና በክህነት ቢያንስ 5 ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ረዳት ጳጳስ የመተካት መብት የለውም። ይህ መብት ያለው ኮአድጁተር የሚባለው ነው፤ መንበሩ በተለቀቀበት ቅጽበት ሌላ ሹመት ሳይጠብቅ ጳጳስ ይሆናል። ሁለቱም 75 ዓመት ሲሞላቸው መልቀቂያ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። በመዝገብዎ ያሉትን አባቶች መጀመሪያ በዚህ ይለዩአቸው፤ በአሮጌ ወረቀቶች ላይ ሁለቱ በአንድ ስም ተጠቅሰው ይገኛሉ።

የቀድሞው ጸሐፊ፦
ዕድሜዬን በሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ነው የጨረስኩት። የረዳት ጳጳሳቱን የጉብኝት መርሐ ግብር የማወጣውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ «ምን ቢያጠፉ ነው» የሚለው አነጋገር ከነከነኝ፤ ቅሬታዬ ግን በእርስዎ ላይ አይደለም። ሰው ካልተሾመ ተቀጣ፣ ከተሾመ ተሸለመ ብሎ ማንበብ የቆየ ልማዳችን ነው።

የረዳት ጳጳስን ሥራ ከሹመት ደብዳቤዎች አያገኙትም። በየቁምስናው (በየአጥቢያው) ያለውን የምሥጢረ ሜሮን መዝገብ ይግለጡ፤ ከገጽ ገጽ ያው አንድ ፊርማ ነው። ዋናው ጳጳስ በስብሰባ ተይዘው፣ እንግዳ እየተቀበሉ፣ ለበጀት ሲሟገቱ፣ ርቆ ወዳለው ቁምስና የሚሄዱት ረዳቱ ናቸው። አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ በዕቃ ቤቱ ቆመው ቅብዐ ሜሮኑ ከአውራ ጣታቸው እንዲለቅ በሎሚና በዳቦ ያሹታል፤ እያሹም ቆሞሱን በጥያቄ ያጣድፉታል። ጣራው ማፍሰሱን ተወ? የታመመው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ዳነ? የሒሳቡ መዝገብ ስለ ምን ዘገየ? ቆሞሱ በሪፖርቱ ያልጻፈውን ሁሉ ያን ጊዜ ይናገራል። በመኪና ስንመለስ ለዋናው ጳጳስ የሚነገረውንና የማይነገረውን ለይተው ያስጽፉኝ ነበር። የማይነገረው ይበዛል።

ካቴድራል ስንገባ ደግሞ ያ መንበር የእርሳቸው አይደለም። ቆቡም ቀለበቱም እንደ ዋናው ጳጳስ ነው፤ የሚቀመጡት ግን በሌላ ወንበር ነው። ይህን ዕድሜ ልክ መሸከም የሚችል ሰው አለ፤ የማይችልም አለ። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የማይችለው ምን እንደሚያደርግ እዚህ አልጽፍም።

በረዳትነት መቅረት ቅጣት ለሚመስልዎ የኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ የሳን ሳልቫዶርን ታሪክ ልንገርዎ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሊቀ ጳጳሱ ሉዊስ ቻቬዝ ኢ ጎንዛሌዝ አርቱሮ ሪቬራ ኢ ዳማስ የሚባሉ ረዳት ከ1960 ጀምሮ ነበሯቸው፤ በ1970 ኦስካር ሮሜሮ ተጨመሩ። በ1974 ኋለኛው ሳንቲያጎ ደ ማሪያ የተባለው ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው። በ1977 ሊቀ ጳጳሱ ሲለቁ ብዙ ካህናት የጠበቁት ሪቬራን ሲሆን የተሾሙት ግን ሮሜሮ ናቸው። እርሳቸውም በ1980 ቅዳሴ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ያን ጊዜ ሀገረ ስብከቱን እንዲያስተዳድሩ የተጠሩት እነዚያው የታለፉት ሪቬራ ናቸው፤ በ1983 ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። የእርሳቸው ረዳት ግሬጎሪዮ ሮሳ ቻቬዝ በ1982 ተሹመው በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ከሪቬራ ጋር በሰላሙ ድርድር ደክመዋል። ሪቬራ በ1994 ሲያርፉ መንበሩ ለሌላ ተሰጠ፤ በ2008ም እንዲሁ። ሮሳ ቻቬዝ በረዳትነታቸው ቆዩ። በ2017 ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እኚህኑ ረዳት ካርዲናል አደረጓቸው፤ ሊቀ ጳጳሳቸው ካርዲናል አልነበሩም! በረዳትነት ያገለገሉት 40 ዓመት ነው፤ ጡረታ የወጡትም በ2022፣ 80 ዓመት ሞልቷቸው ነው። እንግዲህ የእኚህን ሰው ታሪክ «አልተሾሙም» ብሎ የሚጀምር ጸሐፊ ምን ሊያተርፍ ነው?

ተከራካሪው፦
ጸሐፊው የሚሉት ልብ ይነካል፤ ግን ረዳትነት የሹመት መሰላል መሆኑን መካድ አይቻልም። ካሮል ቮይቲዋ በ1958 የክራኮቭ ረዳት ጳጳስ ሆኑ፤ በ38 ዓመታቸው። ሃያ ዓመት ቆይተው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተባሉ። ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተባሉት ሆርሄ ማሪዮ ቤርጎሊዮም በ1992 የቡዌኖስ አይረስ ረዳት ነበሩ። ሮም ረዳት ስትመርጥ የነገውን ዋና ጳጳስ እያየች ነው። ያልተነሡት ታይተው የቀሩ ናቸው፤ ይህን መጻፍ ነውር አይደለም።

የቀድሞው ጸሐፊ፦
ሁለቱንም ምሳሌ በደስታ እቀበላለሁ፤ ግን በመካከል የሆነውን ዘለሉት። ቮይቲዋ ከወጣቶች ጋር በታንኳ ጉዞ ላይ ሳሉ ወደ ዋርሶ ተጠርተው ሹመቱን ሰሙ፤ ተቀብለው ወደ ታንኳቸው ተመለሱ። በ1962 ሊቀ ጳጳስ ባዚያክ ሲሞቱ መንበሩ ባዶ ቀረ፤ የካቴድራሉ ካህናት ቮይቲዋን ጊዜያዊ አስተዳዳሪ አድርገው መረጡ። ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ እስከ 1964 መጀመሪያ ያሳለፉት ጊዜ ነው ሰውየውን የሚያሳየው። ቤርጎሊዮ ደግሞ በ1997 ኮአድጁተር ተደርገው ስለነበር በ1998 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ኳራቺኖ እንዳረፉ ወዲያው በመንበራቸው ተተኩ።

የእርስዎን መሰላል ቁልቁል የወረዱም አሉ። ሁዋን ሄራርዲ በጓቲማላ የቬራፓዝ፣ ኋላም የኪቼ ዋና ጳጳስ ነበሩ። ከስደት ተመልሰው በ1984 የዋና ከተማዋ ሀገረ ስብከት ረዳት ሆኑ። በጦርነቱ የተፈጸመውን ግፍ ያስጠኑትና ያሳተሙት በዚያ ረዳትነት ነው፤ ሪፖርቱ ይፋ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ በኤፕሪል 1998፣ ተገደሉ። ፉልተን ሺንም በቴሌቪዥን አሜሪካን ሲያዳርሱ የኒውዮርክ ረዳት ጳጳስ ነበሩ። በ1966 ሮቸስተር የተባለው ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው፤ እዚያ የቆዩት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ውድ ጠያቂ፣ እኔ ብሆን ሦስት ጳጳሳትን ያገለገሉትን አባት ታሪክ መንበሩ ባዶ ከሆነባቸው ቀናት እጀምረዋለሁ። መንበሩ ሲለቀቅ አስተዳዳሪ እስኪመረጥ ድረስ ሀገረ ስብከቱ በረዳቱ እጅ ይወድቃል፤ ብዙ ረዳቶች ካሉ በሹመት ቀዳሚው ይይዘዋል። አማካሪ ካህናቱ በ8 ቀን ውስጥ አስተዳዳሪ መምረጥ አለባቸው። የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ። አብረዋቸው የኖሩት ካህናት መረጧቸው ወይስ አለፏቸው? ከዚያ በኋላ አዲሱ ጳጳስ ረዳቱን ጠቅላይ እንደራሴ፣ ማለትም በጳጳሱ ስም ሀገረ ስብከቱን የሚያስተዳድር፣ አድርጎ የሾመበትን ደብዳቤ ቀኑን ይመልከቱ። ሕጉ ረዳቱን ጠቅላይ እንደራሴ፣ ቢያንስ የጳጳስ እንደራሴ እንዲያደርገው ያዛል፤ መቼ እንደሚያደርገው ግን በጳጳሱ ልብ ነው። በመጣ በሳምንቱ የፈረመ ጳጳስና ዓመት ያስጠበቀ ጳጳስ አንድ አይደሉም።

ታሪክ ለቃሚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማኅደሩን ከፈትኩት። አማካሪዎቹ በሁለቱም ጊዜ አስተዳዳሪ አድርገው የመረጡት እርሳቸውን ነው። የሁለተኛው ጳጳስ ደብዳቤ ወዲያው እንደመጡ የተጻፈ ነው። የሦስተኛው ግን ከነጭራሹ የለም።

የሕግ ተማሪ፦
ደብዳቤው ስለጠፋ አልተሾሙም አይባልም። በዚያ ዘመን የተሰጡ የጋብቻ ፈቃዶችን ይዩ፤ ከፊርማው በታች ያለው የሥልጣን ስም ይነግርዎታል።

የቀድሞው ጸሐፊ፦
የጋብቻ ፈቃዶቹ በየቁምስናው ተበትነው ነው የሚገኙት። የሜሮን መዝገቡን ሊያዩ ሲሄዱ አብረው ይጠይቁ፤ አንድ መንገድ ነው።